የሙሽራዋ አውራ ጣት

«አትንፈራገጪ!» ትላለች ሲስተር ሔዋን፣ ቁርጭምጭሚቴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ። ቀኝ እግሬ ለብ ያለ የጨው ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ከወገቤ በላይ ግን በጥልፍ የተንቆጠቆጥኩ ሙሽራ ነኝ። ከሙሽራው አገር ከግራና የተነሱት የሰርግ መኪኖች እኛ ከተማ መርሳ ገብተዋል መሰለኝ፣ ጥሩምባው እየቀረበ ነው። ግቢው ውስጥ ድቤ ይደለቃል፣ ልቤም አብሮ ይደለቃል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

ጁነይድን እወደዋለሁ። ዛሬ ከአባቴ ቤት እስከ መኪናው ድረስ እየጨፈርኩ መውጣት እፈልጋለሁ። ግን አውራ ጣቴ ከትናንት ጀምሮ መሬት አላስረግጥ ብሎኛል። ቀልቷል፣ አብጧል፣ የጥፍሩ ጫፍ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ይወጋኛል። እያነከስኩ ብወጣ የግራና ሰው አፉን አይዘጋም። «ለጁነይድ አንካሳ ዳሩለት» ሲሉ ከአሁኑ ይሰማኛል።

«ማነው ጥፍርሽን እንዲህ አድርጎ የቆረጠው?» ትላለች ሲስተር ሔዋን። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ጎረቤታችን። እናቴ በአጥር ተጣርታት ነው ቦርሳዋን አንጠልጥላ የመጣችው።

ሁላችንም ዞር ብለን ዙልፋን እናያለን። ዙልፋ ጓደኛዬ ናት፤ ሂና በመሣል መርሳ ውስጥ የሚስተካከላት የለም። ሙሽራ ስታስጌጥ የእግር ጥፍሩን ጥግ ጥጉን እስከ ሥጋው ቆርጣ ክብ ታደርገዋለች፣ ሂናው ዙሪያውን እንዲያምር።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች ዓይኗን አፍጥጣ። «ወላሂ፣ ሁሉንም ሙሽራ የምቆርጠው እንዲህ ነው!»

«ለዚያ ነዋ ሙሽሮችሽ ከጫጉላ ሲወጡ በቀጥታ እኔ ዘንድ የሚመጡት!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ እስቃለሁ።

«የእግር ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ነው የሚቆረጥ» ትላለች ሲስተር፣ አሁን ሳትስቅ። «ጥጉን አትንኪው። ጥጉን ከቆረጥሽው ሲያድግ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ይኼ አለላችሁ!» በአገጯ አልጋው ሥር ያለውን ጫማ ትጠቁማለች።

ጫማው ወርቃማ ነው፣ ጫፉ ሹል። ከጥሎሹ ጋር የመጣ ነው፤ የጁነይድ አክስት እትዬ ዘምዘም ራሳቸው ወልድያ ድረስ ሄደው የመረጡት። እንዲለምደኝ ብዬ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ስዞርበት ሰነበትኩ። ዛሬ ባላደርገው ስጦታቸውን ፊታቸው ላይ እንደ መወርወር ነው።

ሲስተር ሔዋን እግሬን ከውኃው አውጥታ ታደርቀዋለች፤ ጣቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ታያለች። «መግል ቢቋጥር ኖሮ እዚህ አልነካውም ነበር፣ ጤና ጣቢያ ነበር የምወስድሽ። አብሽሪ። በይ ቢስሚላሂ በይ።»

እላለሁ። ወረንጦው ሲነካኝ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ የዙልፋን እጅ ጨምቄ ልሰብረው ምንም አይቀረኝ። ከዚያ ድንገት ቀለል ይለኛል። በወረንጦው ጫፍ ላይ እሾህ የምታክል ቁራጭ ጥፍር ተይዛለች። ያን ሁሉ ያስጮኸችኝ ይህቺ ናት? ሲስተር ቁስሉን በመድኃኒት ጠርጋ ከጥፍሩ ሥር ቀጭን ጥጥ ትወትፍበታለች።

ተነስቼ እረግጣለሁ። ደግሜ እረግጣለሁ። «ያረቢ! አላነክስም!» ዙልፋ እልልታዋን ታቀልጠዋለች፤ የራሷን ክፍት ሰንደል አውልቃ ታጠልቅልኛለች፤ እኔም እዚያው እስክስታዬን እጀምራለሁ።

ያኔ በሩ ይከፈታል። «አሰላሙ አለይኩም!» እትዬ ዘምዘም ናቸው፣ ሙሽራ ሊረከቡ ከሰርገኛው ቀድመው የገቡ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እግሬ ይወርዳል።

«ጫማውስ?»

እናቴ አንድ ሰበብ ልታበጅ አፏን ስትከፍት ቀድሜያት እናገራለሁ። «እትዬ፣ አንቱ የመረጡት ጫማ ቆንጆ ነው። ግን ጠበበኝ፣ ጣቴን አቆሰለኝ። ዛሬ ማነከስ አልፈልግም።» ተናግሬ ጨረስኩ፤ የመጣው ይምጣ።

እትዬ ዘምዘም ጎንበስ ብለው ጣቴን ያያሉ፤ ሳፋውን ያያሉ፤ ወረንጦው ላይ ያለችውን ቁራጭ ትክ ብለው ያያሉ። ከዚያ በሩን ከኋላቸው ዘግተው በርጩማው ላይ ይቀመጡና ቀኝ ጫማቸውን ያወልቃሉ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ በሁለቱም ጎን ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል።

«ከሰርጌ ጀምሮ ነው» ይላሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም ጫማው ጠበበኝ ልል ነበር ያኔ። አፈርኩ።»

ሲስተር ሔዋን ተንበርክካ ጣታቸውን በቀስታ ትይዘዋለች። «የእርስዎስ ጤና ጣቢያ ይፈልጋል፤ ነገ ይምጡልኝ። ለዛሬ ውኃው ያሳርፍዎታል።»

ጥሩምባው ደጃፋችን ላይ ይጮኻል፤ በሩ ይንኳኳል። «ሙሽራዋ! ሰርገኛው ደርሷል እኮ!»

«ይጠብቃ!» ይላሉ እትዬ ዘምዘም ወደ በሩ ሳይዞሩ።

አሮጌውን ውኃ ደፍቼ ሳፋውን አለቀልቃለሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ ቁጢጥ እላለሁ፤ ሂና ባቀላው እጄ ለብ ያለ ውኃ እግራቸው ላይ አፈስላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «እፎይ» ይላሉ፤ ውጭ ድቤው ይደለቃል።