መስታወቱ ላይ የተለጠፈው

ወንድማችን ሽመክት የተገኘው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞቶ ነው። አርባው እንደወጣ ታላቅ እህታችን መስታወቷ ላይ ወረቀት ለጠፈች። «ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም የለኝም» ይላል። አንድ ሥልጠና ላይ የምትመኙትን ለውጥ እንደተፈጸመ አድርጋችሁ ጻፉ ስላሏት፣ በየጠዋቱ ጮክ ብላ ታነበዋለች።

እኔ ግን እኔን ማለቷ እንደሆነ ጠረጠርኩ። በሕይወት የቀረሁት ወንድሟ እኔ ብቻ ነኝ። ቁርስ አቅርባ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለኝ እንኳ ነገር ያላት ይመስለኛል።

በሳምንቱ፣ መስታወቷ ፊት ፀጉሯን ስታበጥር፣ አላስቻለኝም። «እቴቴ፣ ካወቅሽ ፊት ለፊት ስደቢኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«የሞተ ቀን ደውሎልኝ እንደነበር። ጭቅጭቁን ፈርቼ እንዳላነሳሁት።»

ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ።

«እኔ የጻፍኩት ለሽመክት ነው» አለች። «ያን ያህል ታሞ ማንንም ሳይጠራ ቀረ ብዬ ተቀይሜው ነበር።»

ማበጠሪያውን አስቀምጣ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወለው?» አለችኝ።