ራዳሩ ላይ የቀረችው ነጥብ

ንድፍ አውጪዋ የምትሠራው የራዳር አንጸባራቂ ሲታጠፍ ከትራስ አይበልጥም፤ በአየር ሲነፋ ግን ባሕር ላይ የጠፋን ሰው ራዳር እንዲያየው ያደርጋል። የመጀመሪያው ናሙና ቫልቩ አየር ያስወጣ ነበር። እያወቀች «ግድ የለም» ብላ ለታላቅ ወንድሟ ሰጠችው። «ይቺ ጉድሽ እኮ እንደ እባብ ታፏጫለች!» ብሎ እየሳቀ ጀልባው ላይ ወጣ፤ በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሠራቻቸው ሁሉ ድምፅ የላቸውም። ዛሬ ረፋድ ላይ አሥራ አንደኛውን ባሕሩ ዳር ነፋችው። ራዳሩን የሚያየው ባልደረባዋ በሬዲዮ «ታየኝ» አላት። እንደ ልማዳቸው አየሩን አስወጥታ፣ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ጠፋልህ?»

«ኧረ አልጠፋም፣ እቱ። እንዲያውም ከባሕሩ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።»

ቀና ብላ አየች። ባሕሩ ጭር ብሏል፤ አንድም ጀልባ የለም።

«እዚህ ምንም የለም እኮ!»

ባልደረባዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጠገብሽ ቆመ» አላት።

መዞር አቃታት። የታጠፈውን ናሙና ደረቷ ላይ ጨመቀችው፤ ቅንጣት አየር አልነበረውም።

ከጀርባዋ፣ ጆሮዋ ሥር፣ ያ ፉጨት ጀመረ።