ድምፅ የማታወጣው ዋሽንት

አሻግሬ ሦስተኛዋን ዋሽንት ሊመልስ አርሊንግተን ወዳለው የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሲገባ በሩን በእግሩ ነበር የከፈተው።

ከአምስት ሳምንት በፊት እንዲህ አልነበረም። ልጁ ሩሐማ ልታገባ ነበር። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ዘራቸው ከአየርላንድ ነው፤ ቲን ዊስል የሚሏትን ስድስት ቀዳዳ ያላት የብረት ዋሽንት ይነፋሉ። አሻግሬም በሠርጉ ላይ ከእነሱ ጋር አንድ ዜማ እነፋለሁ ብሎ በሰው ፊት ቃል ገባ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም።

ሻጩ ጥዑመልሳን በደንብ አስተናገደው። "ጋሼ፣ ለጀማሪ ዲ በሚሉት ድምፅ የተቃኘችው ትሻልዎታለች። መማሪያው ሁሉ በሷ ነው የተዘጋጀው" ብሎ ቀላል የናስ ዋሽንት፣ አንድ መጽሐፍና የአንድ አስተማሪ የዩቲዩብ ትምህርት መረጠለት።

አሻግሬ አሥራ ስድስት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ፣ አውሮፕላን ሥር ሻንጣ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተለማመደ። የታችኞቹ ድምፆች መጡለት። የላይኞቹ ግን እምቢ አሉ። መጽሐፉ "ጠንከር አድርገህ ንፋ" ይላል። ነፋ። ትንፋሽ ብቻ።

ዋሽንቷን መልሶ ሌላ ወሰደ። እሷም ያው ሆነች፤ በእሷ ምትክ የወሰዳት ሦስተኛዋም እንዲሁ። ቪዲዮውም አናደደው፤ አስተማሪው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይጠፋል። "ሪከርድ ማድረግ የማይችል ሰው ምን ብሎ ያስተምራል!" ብሎ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው።

ሚስቱ ዓለምጌጥ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካችው። "እራት ቀርቧል፤ ስንቴ ልጥራህ?"

"አንቺ ደግሞ ማጉተምተም ትወጃለሽ" አላት።

ጎረቤቱ ጩኸት በዛብኝ ብሎ ለአፓርትመንቱ ቢሮ ኮምፕሌን ሲያደርግማ ደሙ ፈላ። ድምፅ በሌላት ዋሽንት! ሰውየው ለጠብ ፈልጎኝ ነው አለ።

አሁን ሦስተኛዋን ዋሽንት ጥዑመልሳን ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወራት።

"ሶ፣ ሠርጉ ቅዳሜ ነው! የአገሬ ልጅ ነህ ብዬ ባምንህ የተበላሸ ዕቃ ታሸክመኛለህ? ማለቴ፣ አታፍርም?"

"ጋሼ፣ ሦስቱንም እኔ ራሴ ሞክሬ ነው የሰጠሁዎት።"

"ውሸታም! በል ንፋታ! እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ!"

ጥዑመልሳንም ተቆጣ። ዋሽንቷን አነሳ፤ አፏን በእጅጌው ጠረገና ከታች ጀመረ። ድምፁ ወጣ። ከዚያ ወደ ላይ ሄደ። ጣቶቹ ተሯሯጡ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

አሻግሬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "ይኸው! ትንፋሽ ብቻ! ምን አልኩ?" ብሎ የሚመሰክርለት ፍለጋ ወደ ገበያተኞቹ ዞረ።

ሁሉም በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ደፍነው ነበር።