ታየሽ፣ እማዬ?

«ዝቅ በይ፣ እማዬ። ቱቦውን እንዳትነኪው» አለቻት ልጇ።

እናት ዝቅ አለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው አየች። ድፍን ጨለማ። ዓይን ቀየረች። ያው ነው።

ኮሌጁ ቴሌስኮፑን ለሕዝብ የሚከፍተው በወር አንዴ፣ ገና መሸት ሲል ነው። ዛሬ ኃላፊነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጇ ተሰጥቷል፤ ሰልፉም ደረጃውን ወርዶ የግቢው በር ደርሷል። እናት የመጣችው ለእርቅ ነው። «ሰው ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል፤ ኮከብ ላይ ማፍጠጥ ምን ያበላል?» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷን ቁም ስቅሏን አሳይታታለች። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «ምንም የለም» ትበል? ምላሷ ይቆረጥ።

«ታየሽ?» አለች ልጇ። ድምጿ ቀጥኗል።

«ታየኝ እንጂ።»

«የሳተርን ቀለበቱስ?»

«ቀለበቱማ ወርቅ ነው የሚመስለው።» አንዴ ከገቡበት መመለሻ የለምና ጨመረችበት። «ደግሞ ይሽከረከራል።»

የልጅቷ ፊት በራ። ለዚያ ፊት ሲባል እናት ሌላ አሥር ቀለበት ትጨምር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ተራው የጎረቤታቸው የጡረተኛው ሾፌር ሆነ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ጎንበስ አለ።

«እኔ እንኳ የማየው ጥላሸት ነው» አለ።

ልጅቷ በርጩማ ላይ ወጥታ የቱቦውን ጫፍ ዳሰሰች። ክዳኑ አልተነሳም። በጎን ባለችው ትንሽ ማነጣጠሪያ መነጽር ሳተርንን አግኝታ፣ በደስታ ብዛት የትልቁን ክዳን ረስታዋለች። ክዳኑን ይዛ ስትወርድ እንባዋ ቀርቧል። ከዚያ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ ይሽከረከራል አላልሽም?»

እናት ሻሿን አስተካከለች። «ክዳን አልፋ ካላየች ምኑን እናት ሆነች?»

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው፤ ሳቁም ሰልፈኛው እየተቀባበለው ደረጃውን ወረደ። ልጅቷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«በይ አሁን በእውነት እዪ።»

እናት ዝቅ አለች። ሳተርን ትንሽዬ ናት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፤ ቀለበቷን አጥልቃ ጸጥ ብላ ቆማለች። አትሽከረከርም።

«ታየሽ?»

እናት ይበልጥ ዝቅ አለች።

«ኧረ ጎረቤት፣ እኛም እንይ እንጂ» አለ ሾፌሩ።

«እማዬ፣ ማፍጠጥ አያበላም ስትይ አልነበር?»

«ዝም በይ፣ ልይበት» አለች እናት። እጇን ወደ ኋላ ሰዳ በዳበሳ የልጇን እጅ አገኘችና ያዘች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም።