ሦስት መቶ ሰባ

ሽቦ የሚሉት ወጣት የማሞቂያ ሳጥኑን በር ከፍቶ እጁን አስገባና ወዲያው መለሰው። ያቃጥላል። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች ፈሳሻቸው ጎድሏል፤ ከሥራቸው የነበረው ስስ ሽፋን ተኮማትሮ ተልጧል።

"ስንት ይላል?" አለች ከኋላው የቆመችው ሐኪም።

"ሃምሳ።"

"ሠላሳ ሰባት ነው እኮ መሆን ያለበት።"

"አውቃለሁ።"

ሳህኖቹ ውስጥ የነበረው በእሳት የተቃጠለች የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቆዳ ነው። እሳት ካልነካው ብብቷ ሥር ጥፍር የምታህል ቆዳ ተወስዳ፣ ሐኪሟ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጨቅላ እየተንከባከበች አሳድጋታለች። ነገ ሊለጠፍላት ነበር።

ሽቦ ያሉት ቀጭን ስለሆነና ከኪሱ ገመድ ስለማይጠፋ ነው። ፕሮግራመር ነው፤ ይህን ሳጥን ከኮምፒውተር ጋር ያግባባውም እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ የታዘዘውን ሙቀት ይረሳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሙቀቱን እያነበበ እንዲይዝለት፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ መልሶ እንዲጽፍለት አደረገ። ያን ሰሞን ሐኪሟ "አሁን ገና እንቅልፍ አገኘሁ" ብላ አቅፋው ነበር።

ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ቅዳሜ መብራት ከጠፋ ወዲህ ሳጥኑን የከፈተው አልነበረም፤ የዚያን ቀን መዝገብ አወጣ። መብራት ጠፋ። መብራት መጣ። ፕሮግራሙ ጻፈ፦ 370።



ይህ ጉደኛ ሳጥን ስንት ላይ ነህ ሲሉት በአሥር አባዝቶ ነው የሚመልሰው፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ሆኖ 370 ይላል። ሲያዙት ግን 37 ብለው ነው። ሽቦ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ሲያሳይ ለአሥር ያካፍለዋል። ማንበቡን ለብቻ ሞክሮታል፣ መጻፉንም ለብቻ ሞክሮታል፤ ሁለቱም ሠርተዋል። ያነበበውን ያንኑ መልሶ ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየም። ለመሞከር ሶኬቱን ነቅሎ መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር፣ ያውም የአንድ ደቂቃ ሥራ።

"የሳጥኑ ማንቂያስ? ለምን አልጮኸም?" አለች ሐኪሟ።

"ሳጥኑ 370 ሲባል እምቢ አላለም። እስከሚችለው ድረስ ሄደ፣ ሃምሳ። ማንቂያው የሚጮኸው የታዘዘውና ያለው ሲለያዩ ነው፤ የታዘዘው ሃምሳ፣ ያለው ሃምሳ። ምን ብሎ ይጩህ?" ላፕቶፑን ከደነው። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ማንም የለበትም።"

ብትጮህበት፣ ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን ሳህኖቹን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያነሣች ታያለች። የመጨረሻውን አስቀምጣ ጓንቷን አወለቀች።

"እንደገና ከሌላ ቦታ ቢወሰድስ?" አለ።

"ቁስሏ መመረዝ ጀምሯል። ሌላ ሦስት ሳምንት አትጠብቀንም።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አባቷ ኮሪደር ላይ ናቸው። እኔ ልነግራቸው አፌ እሺ አይለኝም።"

ተነሣ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

አባትየው ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልተለዩዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ብድግ አሉ። ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ ልጄ ስንት አከለች?" እያሉ ቤተ ሙከራውን ሁሉ የሚያስቁ ሰው ናቸው።

"ሽቦዬ! ደህና አደርክ? ቅዳሜ መብራቱ እልም ሲል እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ኋላ፣ ያ ልጅ የሠራው ነገር አለ አይደል እንዴ ብዬ ተረጋጋሁ። እጅህን ቁርጥማት አይንካው።"

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት..."

"ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ይህን እይልኝ።" ከፌስታላቸው ነጭ የልጅ ቀሚስ አወጡ። ስፌቱ በሙሉ በውጭ በኩል ነው። "ነገ የምትለብሰው ነው። አራት ጊዜ አጠብኩት፤ አሁን ደግሞ በነርሶቹ ካውያ ተኮስኩት። ስፌቱንም አዲሱን ቆዳ እንዳይከረክራት ብዬ ወደ ውጭ አደረግሁት። እስቲ ንካው የኔ ልጅ፤ ይለሰልሳል?"

ሽቦ እጁን ዘረጋ። ቀሚሱ ከካውያው ገና አልበረደም ነበር።