እሾሁ እስኪገኝ

ኛሩአች የብስክሌቷ ጎማ ተንፍሶባት ኢታንግ መንገድ ዳር ቆማ፣ “ጋሼ፣ ቶሎ በል!” እያለች ጎሚስታውን ሱሌማንን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። እናቷ ከድንበር ማዶ መጥታ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ መግባቷን ጠዋት በስልክ ነግረዋታል። “ወንድሜስ?” ብትል፣ “መጥተሽ ከእሷ ስሚ” ብለው ዘጉት።

ሱሌማን ግን አልቸኮለም። “እሾሁ ጎማው ውስጥ እያለ የውስጡን ከመነዳሪ ብለጥፈው መልሶ ይወጋዋል” እያለ የጎማውን ውስጥ በጣቱ ዳበሰ። ሲያገኘው ነቅሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ “በይ ንጂ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም” አላት።

የብስክሌቱን ኮርቻ ያዘች እንጂ አልወጣችም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናቷን ስለ ወንድሟ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። ሱሌማን እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል አጎነበሰችና የቫልቩን ክዳን ፈታች። በእሾሁ ጫፍ ቫልቩን ተጭና፣ ጎማው መሬት ላይ እስኪተኛ ድረስ አልለቀቀችም።

“ጋሼ” አለች፣ “እስቲ እንደገና እየው፤ ይተነፍሳል።”