ለፎቶ አንሺው ምን ይወሰድለት?

ሀዊ ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜም ፎቶው ተበላሸ።

ፎቶ አንሺው ሙርሳል ሁለቱንም ጊዜ ያለው ያው ነው። «ፎቶ የሚታጠብበት ክፍል መጋረጃው ተቀደደ። ብርሃን ገባ፣ ፊልም ተቃጠለ። ወላሂ፣ የእኔ ጥፋት አይደለም።»

አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አዲስ መሥሪያ ቤት በተከፈተ ቁጥር ሥራ ፈላጊው ጉርድ ፎቶ ይዞ ይሰለፋል። በሰፈሩ ያለው ፎቶ ቤት ግን የሙርሳል ብቻ ነው።

የሀዊ አባት ዋቅሹማ የልጃቸውን ፎቶ የፈለጉት ለሥራ አልነበረም። ነቀምት ውስጥ ወፍጮ ያለው አንድ ሰው ሊያገባት አስቧል፤ መልኳን ሳያይ ግን ሽማግሌ አልልክም ብሏል። ፎቶውን የሚወስድለት አጎቷ ዲንሳ ነገ ጠዋት ይሳፈራል።

«ነገ ባዶ እጄን ከሄድኩ ሰውየው መንዲ ያለችውን ሌላዋን ልጅ ነው የሚያገባው» አለ ዲንሳ። «ከዚህ በላይ አይጠብቅም።»

ሀዊ በልቧ «እሰይ» አለች። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋለች። የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል። ከታጨች ግን ደብተሯን የሚፈልገው አይጥ ብቻ ነው።

ዋቅሹማ ለሚስታቸው ለቡሴ ብር ሰጧት። «ለዚያ ፎቶ አንሺ ልጅ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ግዢና ስጦታ ነው ብለሽ ስጪው። ዛሬ ሰበብ እንዳይኖረው።»

«እኔው ራሴ እመርጥለታለሁ» አለች ቡሴ። ከዚያም ሀዊን አስከትላ ወጣች።

ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴው ቸሩ ሁለት ዓይነት ጥቁር ጨርቅ ዘረጋላቸው።

«እትዬ ቡሴ፣ ሴት ልጇን ለመዳር ጥቁር የምትገዛ እናት ዛሬ ገና አየሁ!»

ሀዊ አንገቷን ደፋች። ወሬው ገበያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

«ለፎቶ አንሺው ስጦታ ነው። ቀልዱን ተውና ዋጋ ቀንስ» አለች ቡሴ። ወፍራሙን ዳበስ አድርጋ ተወችው። ሌላውን አነሳች።

«እሱ እኮ ስስ ነው፤ ለመጋረጃ አይሆንም።»

«ለስጦታ ይበቃል። ሙርሳል አማቼ ነው እንዴ?»

ለጨርቅ የሰሰተችው እናት ለማር አልሰሰተችም። በተረፈው ብር ከካማሺ የመጣ ማር በትልቅ ጣሳ አስለካች።

«ማሩስ ለማን ነው፣ እማዬ?» ሀዊ ከነጋ አፏን የከፈተችው አሁን ነው።

«ለእሱው። ጨርቁ የአባትሽ ስጦታ ነው፤ ማሩ የእኔ። ለአባትሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ሀዊ ጣሳውን እያየች ወደ ኋላ ቀረች። እናቷ ማር ይዛ ከሄደችበት ቤት ጉዳይዋ ሳይፈጸምላት ተመልሳ አታውቅም።

ፎቶ ቤቱ ሲደርሱ ዲንሳ በሩን ተደግፎ ይጠብቃል። ሙርሳል ጨርቁን ተቀብሎ «ማሻአላህ!» አለና ወዲያው በተቀደደው መጋረጃ ቦታ ሰቀለው። ከዚያ ሀዊን ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ልጅ፣ ቀና በል። ትንሽ ሳቅ በል» አላት፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

«እሷ መሳቅ የት ታውቃለች!» አለ ዲንሳ ከበር። «ብቻ አፍንጫዋ ይታይ፤ አፍንጫዋ የእኛ ነው።»

ቡሴ የልጇን ፀጉር ምራቋን እንትፍ ብላ አስተኛች፤ አንገትጌዋን አቃናች። «አሳምረህ አንሳት!» አለች ጮክ ብላ።

ሀዊ ያላት መላ አንድ ብቻ ነበር። ሙርሳል ጎንበስ ሲል ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ዓይንሽን ግለጪ!» ስትል እናቷ ጮኸች። ሀዊ ደንግጣ ገለጠች። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ይህቺስ ወጣች» አለ ዲንሳ እየሳቀ። ሲጋራ ሊገዛ ወደ መንገዱ ተሻገረ።

ሙርሳል ፊልሙን ይዞ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ። ቡሴ ግራ ቀኝ አየችና የማሩን ጣሳ ይዛ ተከተለችው።

ሀዊ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። በስሱ ጨርቅ በኩል የእናቷ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ።

«አደራህን ሙርሳል፣ ይሄም ተቃጠለ በል።»